የለተጽዮን ቃል

አባ ሻውል ሰፈር ውስጥ ለተጽዮንን የማያውቅ አልነበረም። ያወቃት ሁሉ ወይ ይወዳታል ወይ ይፈራታል፤ አብዛኛው ሰው ግን ሁለቱንም ያደርግ ነበር። ቁመቷ አጠር፣ ድምጿ ወፈር ያለ፣ አፏ ልጓም የማያውቅ ሴት ናት። እናት አባቷ ተከታትለው ሲሞቱባት ከሐማሴን ገጠር ወደ አስመራ መጥታ አክስቷ አደይ ዝማም ዘንድ ተጠጋች። አደይ ዝማም ጠላ ሻጭ ነበሩ። ለተጽዮን ጥቂት ሳምንት ጠላ ከቀዳች በኋላ፣ ሰካራም ከማባበል ድንጋይ መፍለጥ ይሻለኛል ብላ አዝራር ፋብሪካ ገባች።

ፋብሪካው ከቆላ በግመል ከሚመጣ የዘንባባ ፍሬ አዝራር ያወጣል። ወንዶቹ ጠንካራውን ፍሬ በመጋዝ ይቆርጣሉ፤ ሴቶቹ ያለሰልሳሉ፣ ይበሳሉ፣ ይለያሉ። አዝራሩ በመርከብ ወደ ጣሊያን ይሄድና በወታደር ሸሚዝ ላይ ተሰፍቶ ይመለሳል። ለተጽዮን በሰፈሩ የሚያልፍ ወታደር ባየች ቁጥር "ደረትህን የዘጋሁልህ እኔ ነኝ" ትል ነበር፣ ያውም ጮክ ብላ።

አንድ ቀን ከሮማ ምሁር መጣ ተባለና ሥራ ቆመ። ሴቶቹ ተሰለፉ። ነጭ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ መቆንጠጫ የመሰለ ብረት ይዞ የጭንቅላታቸውን ስፋት፣ የአፍንጫቸውን ርዝመት፣ የከንፈራቸውን ውፍረት እየለካ ቁጥሩን ይጠራል። የማን ዘር ከማን ዘር እንደሚያንስ በዚያ ብረት ይለያል አሉ። ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ተለኩ። ለተጽዮን ተራዋ ሲደርስ በተሰባበረ ጣሊያንኛዋ "ለቆብ ነው?" ብላ ጠየቀችው። መልሱንም ሳትጠብቅ፣ እንግዲያው የአንተንም ልለካና እናስተያይ ብላ እጇን ወደ ብረቱ ሰደደች። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ከሰልፉ ጎትቶ አወጣትና ሲመሽ እስኪለቃት ድረስ ፀሐይ ላይ ገትሯት ዋለ። አክስቷ ሲቆጧት "ምን ላድርግ፣ አፌ ቀደመኝ" አለች። መጸጸት የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም።

ኦሬስቴ ወደ ሕይወቷ የገባው በዚያው ዘመን ነው። የከባድ መኪና ነጂ ነው፤ በአገሩ የሰው መሬት ሲያርስ የኖረ የጭሰኛ ልጅ፣ ከእጁ ላይ የሞተር ዘይት የማይጠፋ፣ ዓይን አፋር ሰው። አደይ ዝማም ቤት ሊጠጣ ይመጣና ለተጽዮንን እያየ ጠላውን ይረሳዋል። ጠጪው ሁሉ ይሳለቅበታል። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሮ ሊያናግራት ቀረብ ሲል ቁርጡን ነገረችው። ሌሎቹ ነጮች ሴት እንደሚያስቀምጡት ልታስቀምጠኝ ከሆነ በሩ ያውልህ፤ በአገሬ ወግ በደሞዝ ልታገባኝ ከሆነ ግን ሽማግሌ ላክ፣ ዋስ ጥራ አለችው። ደሞዝ ሲባል ለማያውቅ ሰው የገረድ ቅጥር ይመስለዋል። አይደለም። በሽማግሌ ፊት የሚታሰር፣ በዋስ የሚጸና ጋብቻ ነው፤ የሚወለደውም ልጅ እንደማንኛውም ልጅ የአባቱ ልጅ ነው። ኦሬስቴ ሽማግሌ ላከ። ድንጋይ ጠራቢው አቦይ ተኽሉ ዋስ ሆኑት። ነጭ ሰው ዱካ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሽሮ በእጁ ሲበላ፣ ሽሮውም በክርኑ ሲወርድ ሰፈሩ አንድ ሰሞን ስቆ ስቆ ለመደው።

ልጅ ተወለደ፣ ተስፋልደት ተባለ። የክርስትናው ዕለት አንዳንድ ሰው የሕፃኑን መልክ እያየ ማሽሟጠጥ ሲጀምር ለተጽዮን የአገሯን ሥርዓት ፈጸመች። በእነሱ ዘንድ በልጅ አባት ላይ ክርክር ቢነሳ የምትታመነው እናት ናት። ልጇን አዝላ፣ የተዘጋውን የቤተ ክርስቲያን በር በእጇ ይዛ የአባቱን ስም ትጠራለች። የምትጠራው አንዴ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም ወንድ አፉን አይከፍትም፤ እሷም ቃሏን ካጠፈች ልጁ አባትም ወገንም የሌለው ይሆናል፣ ርስት አይካፈልም፣ ሚስት ሲያጭ ልጃችንን ለማን ልጅ እንስጥ ይባላል። ለተጽዮን በሩን ያዘች፣ ኦሬስቴ ብላ ጠራች፣ ነገሩም እዚያው ላይ አበቃ።

ጣሊያን አዲስ አበባን ያዝኩ ብሎ የጨፈረ ማግስት ግን ዓለም ተገለበጠ። አስመራን እንደ ዳቦ ቆረሷት። ትልቁ ጎዳና ለነጭ፣ ሲኒማው ለነጭ፣ ጥሩ ጥሩው አውቶቡስ ለነጭ፤ ጥቁር ሰው በማይገባው ጎዳና ከታየ ጥፊ ይቀምሳል። የለተጽዮን ታላቅ ወንድም ለእነሱ ተመልምሎ ተምቤን ላይ ሲወድቅ ዘሩን የለካው አልነበረም። መሞት ሲሆን እኩል ነበሩ። አሁን እኅቱ ዳቦ ልትገዛ ብትወጣ ዞረሽ በወዲያ ሂጂ ትባላለች። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው እየሳቀ ሊያወራው ይችል ይሆናል፤ ሲደርስበት ግን አንጀት ነው የሚያሳርረው።

በዚያ ላይ ሕግ ወጣ። ነጭ ሆኖ ከአገሬው ሴት ጋር በትዳር መልክ የኖረ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል ተባለ። ስንቱ ነጭ ሚስቱን ከነልጇ ጥሎ፣ ትናንት ያቀፋትን ሴት መንገድ ላይ እንዳላወቀ እያለፈ ሄደ። ኦሬስቴ አልጣላትም። ጀግና ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፣ ሌላ የት እንደሚሄድ ስለማያውቅ ነው ትል ነበር ለተጽዮን እየሳቀች፤ ግን ሳቋ ውስጥ ኩራት ነበረበት። በሰንበት በሰንበት ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ በጓሮ ይገባል፣ ልጁን አጫውቶ፣ በልቶ ይወጣል።

የሰው ዓይን መቼ ይተኛል። የገዛ አገሩ ሰው ጠቆመበትና አንድ ሰንበት ምሳ ላይ ፖሊሶች በሩን ገፍተው ገቡ። ሦስቱም ከአንድ ሳህን እየበሉ፣ ኦሬስቴ ልጁን እያጎረሰ ደረሱበት። አባት ተያዘ። ሳህኑም ተያዘ። ቀልድ አይደለም፣ የበሉበትን ሳህን ከነፍርፋሪው በጋዜጣ ጠቅልለው ለማስረጃ ወሰዱት። ለተጽዮን እስከ መንገዱ ጫፍ ተከትላ፣ ባሌን ለምን እንደወሰዳችሁ ይገባኛል፣ ሳህኔ ምን አጠፋ እያለች ሰፈሩን አናጋችው።

ወህኒ ቤት ስንቅ ይዛ ብትሄድ ዘበኛው መለሳት። እስረኛው ራሱ አልቀበልም ብሏል አላት። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ተናደደች፤ ሆዱን ያማረረው የእኔ ወጥ ነው ወይ ብላ ተሳደበች። ነገሩ የገባት የኦሬስቴ ጠበቃ ያስጠራት ቀን ነው። የላከችውን ከበላ እንደሚወዳት ማስረጃ ይሆንበታል ተብሎ ተመክሮ ኖሯል።

ጠበቃው ሙሬሊ ይባላል፤ ሽቶ ሽቶ የሚል፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው። በጓሮ በር አስገብተው እንደቆመች እንድታነጋግረው አደረጉ። አስተርጓሚው ዑቅባዝጊ የአባ ሻውል ልጅ ነው፤ ለጣሊያኖቹ ችሎት ስለሚሠራ ኮት ይለብሳል፣ ሰፈር ሲደርስ ግን እንዳይሳቅበት ያወልቀዋል። ለተጽዮን ጣሊያንኛ ትሰማለች። ቁም ነገር ሲሆን ግን የምትናገረው በራሷ ቋንቋ ነው።

ጠበቃው ሕጉን አስረዳት። ሕጉ ነጭ ጥቁር ሴት አይንካ አይልም። ነክቶ፣ ከፍሎ፣ ሱሪውን ታጥቆ ከሄደ ንጹሕ ሰው ነው። ወንጀሉ መውደድ ነው። አብሯት ከበላ፣ ስትታመም ካስታመመ፣ ልጇን ልጄ ካለ፣ ዘሩን አዋረደ ይባላል። ስለዚህ ለተጽዮን ችሎት ቀርባ፣ ገረዱ ነበርኩ፣ ሲያሰኘው ብቻ ይጠራኛል ብትል ኦሬስቴ ይፈታል።

"መትቶሽ ያውቃል?" አለ ጠበቃው በተስፋ።

"አያውቅም።"

"አንድ ጊዜ እንኳ? ሰክሮ?"

"ሰክሮ የመጣ ጊዜ እኔ ነኝ በማማሰያ የመታሁት።"

ዑቅባዝጊ ጉሮሮውን ጠረገ። ጠበቃው ምን አለች ቢለው፣ አላስታውስም ነው የምትለው አለው።

በመጨረሻ የልጁ ነገር መጣ። ዳኛው አባቱ ማን እንደሆነ ከጠየቀሽ፣ አላውቅም፣ የሚገባ የሚወጣው ወንድ ብዙ ነበር በይ አላት። ይህን ሲል እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። እንዲህ ካላልሽ ሰውየው ይታሰራል፣ እስራቱን ሲጨርስም በመርከብ ወደ አገሩ ይጋዛል፣ ሁለተኛ አታዪውም፤ አንቺም ከፋብሪካው ትባረሪያለሽ አለ። መልሷንም ሳይጠብቅ፣ እሺ እንዳለች ቆጥሮ ሰዓቱን አይቶ ተነሳ።

ነገሩ አደይ ዝማም ቤት ተመከረበት። ለጣሊያን መዋሸት ኃጢአት ከሆነ እኔ የተኮነንኩት ድሮ ነው፣ ዋሺና አውጪው አሏት አደይ ዝማም። ፋብሪካ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶችም ይህንኑ አሉ፤ የሕፃን አባት ከሚታሰር አንድ ቀን ጋለሞታ መባል ምን አላት አሉ። ዋሱ አቦይ ተኽሉ ግን መሬቱን በምርኩዛቸው ይጭሩ ጀመር።

"ስለ መብሉም ስለ አልጋውም ያሻሽን በይ፣ ልጄ። ሰው ለማዳን ነው" አሉ በኋላ። "በር ይዘሽ የጠራሽውን ስም ግን እንዴት አድርገሽ ትመልሺዋለሽ?"

ያኔ ለተጽዮን አለቀሰች። ኦሬስቴን ትወደዋለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እሱም በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እወድሻለሁ ብሏት አያውቅም፣ ቃሉ አፉ ላይ ሲደርስ የሚጠፋበት ዓይነት ሰው ነው። ባሏን ብታድን ልጇን ልታጠፋው ነው። ልጇን ብታድን ባሏን በገዛ አፏ ልታሳስረው ነው። እንዲህ ያለ ምርጫ ለጠላትም አይስጥ።

የችሎቱ ቀን ነጭ ሁሉ ከፊት ተቀምጦ፣ አበሻ ሁሉ ከኋላ ቆሞ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የለተጽዮን ሳህን ተቀምጧል። ኦሬስቴ ከስቷል፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወለል ወለሉን ያያል። ዳኛው መጀመሪያ የጠየቀው እሱን ነው። ገረዴ ነበረች፣ ሌላ ነገር የለንም አለ ኦሬስቴ ቀስ ብሎ። ለተጽዮን ያለ አስተርጓሚ ሰማችው። እንዲህ እንደሚል ታውቅ ነበር። ቢሆንም ዓይኗን ከእሱ ወደ ሳህኗ መለሰች።

ተራዋ ደርሶ ቀረበች። አብራችሁ ትበሉ ነበር ወይ አላት ዳኛው። እሱ በልቶ ሲያበቃ ጓዳ ገብቼ ነው የምበላው አለች። ታዲያ ሳህኑ አንድ የሆነው ለምንድን ነው? ድሃ ነኝ፣ ሌላ የለኝም። ስትታመሚ አስታሞሻል? እሱ? ለመኪናው ጎማ የሚያዝነውን ያህል አያዝንልኝም አለች። ጠበቃው ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። ውሸቱ እንደ ውሃ ይወርድላት ነበር፣ ለራሷም ገርሟታል። ዳኛው ሊያሰናብታት ወረቀቱን ሰብስቦ ካበቃ በኋላ ቀና አለ።

"ልጅ አለሽ አይደል? አባቱ ማነው?"

ተስፋልደት ከኋላ አደይ ዝማም ጀርባ ላይ ታዝሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ለተጽዮን አላውቅም ካለች ሁሉም ነገር ያበቃል፤ ኦሬስቴ ዛሬውኑ ይወጣል። አላውቅም ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣ አላት። እንደገና ሞከረች፤ ምላሷ አልታዘዝ አለ። በሕይወቷ ሙሉ አፏ ሲቀድማት የኖረች ሴት ያን ዕለት አፏ ቆመባት።

"ኦሬስቴ ነው" አለች።

ጠበቃው ብድግ ሲል ዳኛው በእጁ አስቀመጠው። ነጭ ሰው ከጥቁር ሴት መውለዱ ብቻውን ወንጀል እንዳልሆነ ተናገረና፣ ግን እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ፣ እንደ አንቺ ያለች ሴት የልጇን አባት በምን ታውቃለች ብሎ ጠየቃት። ከፊት የተቀመጡት ሳቁ።

ይሄን ጊዜ ነው ለተጽዮን የነደዳት። ፊቷን ወደ አስተርጓሚው አዞረች።

"ዑቅባዝጊ፣ አሁን የምነግርህን ሳታለዝብ ተርጉም። ካለዘብከው ሰፈር እንገናኛለን።"

"እሺ፣ እኅቴ።"

"ልጄ እንደ በቅሎ አባትህ ማነው ሲሉት ፈረስ አጎቴ ነው አይልም በለው። የማውቀው አንድ ባል ስላለኝ ነው። በሽማግሌ ተጠይቄ፣ በዋስ ታስሬ ነው ያገባሁት። ቅድም ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው፤ መውደድን ወንጀል አድርጋችሁ አዋሻችሁኝ። አብረን በልተናል። ከዚያች ሳህን አጉርሶኛል፣ አጉርሼዋለሁ። ንዳድ የያዘኝ ጊዜ ቀን ሲነዳ ውሎ እየመጣ እግሬን ያጥበኝ ነበር። ቢደበድበኝ ኖሮ ንጹሕ ሰው ነህ ብላችሁ ትለቁት ነበር። እግሬን ስላጠበ ልታስሩት ነው። ታዲያ የሚያሳፍረው የማን ዘር ነው? በለው።"

ዑቅባዝጊ አላለዘበም። ላቡ በኮቱ ኮሌታ እየገባ አንድ በአንድ ተረጎመው። ከፊት የነበረው ሳቅ ቆመ። ዳኛው ፊቱ ደም መስሎ ወደ ኦሬስቴ ዞረና፣ ይህች ሴት ለምትለው መልስ አለህ ወይ አለው። አሁንም መካድ ይችል ነበር። ትዋሻለች ቢል የሚታመነው የነጭ ቃል ነው፤ ጠበቃውም በዓይኑ እየለመነው ነበር። ኦሬስቴ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ፣ ከዚያ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ።

"ጻፍ" አለ ዳኛው ለጸሐፊው። "ተከሳሹ አለቀሰ።"

እንባውም ማስረጃ ሆነበት።

ፍርዱ የተነበበው ከምሳ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት እስራት፣ ከዚያም በመርከብ ወደ አገሩ። ለተጽዮን ጣሊያንኛዋ እስከዚህ ይደርስ ነበርና ሳይተረጎምላት ገባት። ልጇን አዳነች፤ ባሏን ግን ይኸው በገዛ አፏ ሸኘችው። ዑቅባዝጊ ክንዷን ደገፍ አድርጎ የፍርዱን ምክንያት በጆሮዋ ያንሾካሹክላት ጀመር። ተከሳሹ ይህችን ሴት ባል ሚስቱን እንደሚወድ መውደዱ፣ ልጇንም ልጁ አድርጎ መያዙ ተረጋግጧል የሚል ቦታ ሲደርስ ለተጽዮን እጁን ጨበጠችው።

"እንደገና በለው" አለች። "ጮክ ብለህ።"

ዳኛው ምን ትላለች ብሎ ጠየቀ። ፍርዱ አልገባትም፣ እንዲደገምላት ትለምናለች አለ ዑቅባዝጊ። ዳኛው፣ ድሮስ ይህች ምን ይገባታል በሚል ዓይን አይቷት ቶሎ እንዲጨርስ በእጁ ምልክት ሰጠው።

ዑቅባዝጊ ኮቱን አስተካከለ። ጀርባውን ለዳኛው ሰጥቶ ከኋላ ወደ ቆመው ሕዝብ ዞረና በአባ ሻውል ሰው ድምፅ ተናገረ።

"በጣሊያን ንጉሥ ስም የተሰጠ ፍርድ ነው። ኦሬስቴ ለተጽዮንን ባል ሚስቱን እንደሚወድ ወዷታል። ተስፋልደትም ልጁ ነው። ይህ በችሎት ተረጋግጧል።"

ኦሬስቴ ትግርኛውን ሰምቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለና አያት። እጁን ካቴና እያስገቡት ነበር። ለተጽዮን እንባዋ እየወረደ፣ አገጯን ሳትደፋ ራሷን ነቀነቀችለት። ዳኛው ጸጥታ ብሎ ጠረጴዛውን ከመደብደቡ በፊት አደይ ዝማም ልጁን ከጀርባቸው አውርደው፣ ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርገው ይዘው እልልታቸውን አቀለጡት፤ ከኋላ የቆሙት ሴቶችም ሁሉ ተቀበሏቸው።